አይጥ ያልበላው ሽቦ

አባዬ፣

ከተለየኸን ወዲህ ሰማንያህ ከወጣ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። ቤቱ ደህና ነው። እማዬ ነጠላዋን አዘቅዝቃ እንደለበሰች ናት፤ እህል ግን መቅመስ ጀምራለች። ድመቷም አለች። አንተ "አይጥ የዳሽቦርዱን ሽቦ በላብኝ" ስላልክ እማዬ ከአራዳ ገበያ ያመጣቻት ያቺ ድመት አርጅታ፣ ጥርሷ አልቆ፣ ዛሬም የምትተኛው የፒክአፕህ ወንበር ላይ ነው። ስለ እሷ የምነግርህ አለኝ። ደብዳቤውን የጀመርኩት ተቆጥቼ መሆኑን ግን አስቀድመህ እወቅልኝ።

ወንድምህ አያ ደምሴ ሰማንያህ በወጣ በሳምንቱ ከዛሪማ አንድ ገዥ ይዘው መጡ። እህል የምትጭንባት ፒክአፕህ ልትሸጥ ነው። ሴት ልጅ እህል ጭና በትክል ድንጋይ መንገድ አትነዳም፣ መንጃ ፈቃድ ማውጣቷም ይበቃታል አሉ። ገዥው ቁልፉን አዞረና መብራት ከፈተ። የፊቱ በራ፤ ዳሽቦርዱ ግን እንደ ልማዱ ጨለማ ነው። ፍጥነቱ አይታይ፣ ነዳጁ አይታይ፣ ሙቀቱ አይታይ። ሰውዬው ሳቅ አለና ፈታትቼ ለመለዋወጫ እወስዳታለሁ አለ። አያ ደምሴ ምን እንዳሉ ልንገርህ? የገዛ መኪናውን መብራት ማስተካከል ያቃተው ዝርክርክ ሰው ነበር፣ እኔ ምን ላድርግ አሉ። በሰው ፊት፣ እማዬ እየሰማች።

"ይህች መኪና አትፈታም" አልኩ። እስከ እሑድ ጊዜ ስጡኝ፣ ዳሽቦርዱ ከበራ ትቀራለች፣ ካልበራ ውሰዷት አልኳቸው። ከየት አምጥቼ እንደተናገርኩት እንጃ፤ አምፖል እንኳ ቀይሬ አላውቅም ነበር።

ሰኞ ካቻቢቴህን ይዤ ገባሁ። ፊውዝ ቀየርኩ፣ ምንም። አምፖሎቹን ቀየርኩ፣ ምንም። አራዳ ያለው የመኪና ኤሌክትሪክ ሠሪ መኪናዋን ሳያይ፣ ካንተ በሰማው ብቻ፣ አይጥ የበላው ሽቦ በሙሉ ካልተቀየረ አይሆንም ብሎ አሰናበተኝ። ምነው አንድ ቀን እንኳ ባሳየኸው እያልኩ አንተንም ወቀስኩህ። ፍጥነቱን በጆሮህ እየሰማህ፣ ነዳጁን በእንጨት እየለካህ ስንት ዓመት ነዳህ። እኔ እንዲያ መንዳት አልችልም፤ አልፈልግምም።

ረቡዕ ዳሽቦርዱን ነቅዬ አወጣሁት። ከኋላው ያለው ሽቦ አንድም ቦታ አልተበላም። ሁሉም ሙሉ ነው፣ አባዬ። ሽቦዎቹ የሚገናኙበት ሶኬት ብቻ አረንጓዴ ዝገት ለብሶ ተደፍኗል፤ ከላይ ወደ ታች ውሃ የወረደበት መስመር ይታያል። መስታወቱ ደህና ስለሆነ ዝናብ እዚያ አይገባም። ካቻቢቴውን እንደያዝኩ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ፤ ያኔ ትዝ አለኝ።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እግሬ አልሸከም ብሎኝ ሁለት ሱባኤ በየጠዋቱ በዚህችው ፒክአፕ ወደ ጠበሉ ወሰድከኝ፤ ስንደርስ አዝለህ ታወርደኛለህ፣ ስንመለስ አዝለህ ታሳፍረኛለህ። በመጨረሻው ቀን በጠርሙስ ከያዝነው ጠበል ጠጣሁና ክዳኑን ሳልዘጋ ዳሽቦርዱ ላይ አስቀመጥኩት። መታጠፊያው ላይ ተደፋ። ጠበሉን ደፋሁት፣ ከእንግዲህ እግሬ አይድንም ብዬ አለቀስኩ። አንተ በጋቢህ ጠረግከውና መሪውን መታ መታ አድርገህ "እሷም ትጠመቅ፣ ደክሟታል" አልከኝ። ሳቅሁ፤ ከዚያ ረሳሁት። ዳሽቦርዱ የጨለመው ግን ከዚያ ወዲህ ነው።

አንተ ግን አልረሳኸውም። ሠሪ ካየው ውሃ መሆኑን ያውቃል። ውሃ ከሆነ ጠበሉ ይወራል፣ የደፋሁትም እኔ መሆኔ ይወራል፤ እግሬ ደግሞ ገና አልጠናም ነበር። የመዳኔ መዘግየት በእኔው እንዳይሳበብ አይጥ ነው አልክ። አያ ደምሴ ዝርክርክ ሲሉህም አይጥ ነው አልክ። እማዬ ድመት ስታመጣም ዝም አልክ። ምስኪኗ ድመት የሌለ አይጥ ስትጠብቅ አረጀች።

ሶኬቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈትጌ አጸዳሁትና መልሼ ገጠምኩት። ቁልፉን ሳዞር ሁሉም በራ። መሪውን ይዤ አለቀስኩ። ከዚያ ደግሞ ተናደድኩብህ፤ ካደግሁ በኋላ እንኳ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?

እሑድ ገዥው ከአያ ደምሴ ጋር መጣ። መብራቱን ከፈትኩላቸው። አያ ደምሴ ጎንበስ ብለው አዩና፣ አይጡንስ አገኘሽው ወይ ብለው ቀለዱ። ዝም ብል ፒክአፗ ትቀርልኛለች፣ ምስጢርህም እንደተሸፈነ ይቀራል። ዝም አላልኩም።

"አይጥ አልነበረም። ጠበል የደፋሁበት እኔ ነኝ። አባዬ ዝርክርክ አልነበረም፤ ሸፍኖልኝ ነው።"

እማዬ ድመቷን አየቻት። አያ ደምሴ ጋቢያቸውን ሰበሰቡና ወደ ፒክአፗ የጎን ወንበር ወጡ። ድመቷን አንስተው ጭናቸው ላይ አስቀመጧት።

"ንጂ እስቲ" አሉኝ።

ነገ ጎህ ሳይቀድ ለትክል ድንጋይ ገበያ እወጣለሁ። ያ አልሸከም ያለኝ እግሬ ፍሪሲዮን ይረግጣል። ስለወቀስኩህ ይቅር በለኝ፤ ምስጢርህን ስላወጣሁ ግን ይቅርታ አልጠይቅህም። የኔን ጥፋት መቃብር ድረስ ተሸክመህ ስትሰደብ አልሰማም። ዳሽቦርዱ በበራ ቁጥር አስብሃለሁ፤ እርሱ ደግሞ ከእንግዲህ በየቀኑ ይበራል። ጠበልም ይዣለሁ፤ እዚያው የድሮ ቦታው፣ ዳሽቦርዱ ላይ ነው ያስቀመጥኩት። ክዳኑን አጥብቄ ዘግቼዋለሁ።

የደፋችብህ ልጅህ