የተገለበጠችው ዳክዬና መስኮት ሦስት

ጥር 6

ልብስ ተኩሼ ጨረስኩ። አምስት ሸሚዝ፣ አንድ መጋረጃ። ባለቤቴ ሳሎን ወለሉ ላይ ጋዜጣ ዘርግቶ ጫማውን ቀለም ይቀባል። ነገ ሁለት መንጃ ፈቃድ ተፈታኞች አሉት። የአስተማሪ ጫማ ካላብረቀረቀ ተማሪው ፍሬን በደንብ አይዝም ብሎ ያምናል። ይመን።

ብሩሹን ላቀብለው ጎንበስ ስል... ከተረከዙ ሥር አየኋት።

"እግርህን አንሳ!"

"ምንድነው? በረሮ?"

"ዳክዬዬ ናት!"

የቴምብር ጨረታ ማስታወቂያ ነው። ፎቶው ላይ ያረጀ ፖስታ፣ ጥጉ ላይ ቀይ ክፈፍ ያላት ቴምብር፣ ቴምብሯ ላይ ደግሞ በጀርባዋ ተኝታ እግሯን ወደ ላይ የሰቀለች ዳክዬ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ "የለችም" የተባለችው!

ጋዜጣውን ቀድጄ ወሰድኩ። ጣቶቼ ጥቁር በጥቁር ሆኑ። ባለቤቴ አንድ እግሩን ጫማ፣ አንድ እግሩን ካልሲ አድርጎ ቆሞ ቀረ።

ጥር 7

ነገሩን አንዴ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ያኔ ፖስታ ቤት፣ መስኮት ሦስት ላይ ነበርኩ። ቴምብር እሸጣለሁ፣ ማኅተም እመታለሁ። አንድ ጠዋት ሃምሳ ቴምብር ያለው ሙሉ ወረቀት ደረሰኝ። ዳክዬዎቹ በሙሉ ተገልብጠዋል። ሮጬ ለአለቃችን ወሰድኩ። "በደንቡ መሠረት" ሳይሉ ሻይ እንኳ የማያዙ ሰው ናቸው፣ ለዚህ ነው ጋሽ ደንቡ ያልናቸው። አገላብጠው አዩት። "ዳክዬዋ ብትገለበጥ ደብዳቤው አይገለበጥ። ሽጪ!" አሉ።

ሸጥኩ። እስከ ምሳ አንድም አልቀረ።

ከወር በኋላ ወሬው ወጣ። ማተሚያ ቤቱ "እንዲህ ያለ ነገር አላተምንም" አለ። ተቆጣጣሪ መጣ። ጋሽ ደንቡ ተጠየቁ። "አላየሁም" አሉ። እኔ "መሠረተ ቢስ ወሬ በማናፈስ" ተብሎ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። ከዚያ እስከ ጡረታዬ ድረስ ስሜ ግልብጧ ሆነ። ስሜን የሚያውቀው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነበር።

ባለቤቴ ማታ ራት ላይ "ስንት ነው ታዲያ?" አለ።

"መነሻው ሁለት ሺህ።"

ቀኝ እግሩ ወለሉን ደቃው። ሲደነግጥ ፍሬን ይረግጣል፤ የሥራ በሽታ ነው።

"በዚህ ዋጋ በእግሯ የምትቆም ዳክዬ ከነልጆቿ ይሰጡሻል እኮ!"

ጥር 9

ከጨረታው በፊት ዕቃውን ማየት ይቻላል ተባለ። ሄድኩ። አዳራሹ ከወንበር መሸጫ በላይ ነው፤ ደረጃው ስልሳ አንድ። ቆጠርኩት፣ ምክንያቱም ሦስቴ ተቀመጥኩ።

ቁጥር 114። አንዲት ባለመነጽር ልጅ በላስቲክ ከረጢት አድርጋ አመጣችልኝ። እጄን ስዘረጋ፣

"እማማ፣ በእጅ አይነካም።"

"ልጄ፣ እኔ በማኅተም ነው የደበደብኳት።"

አልገባትም። እንዴት ይግባት? ማኅተሙን ግን አየሁት። ቀኑ ላይ የሰባት ቁጥሯ አንገት ተቀንጥቧል። በገባሁ በሳምንቴ ሲሚንቶ ላይ ጥዬው ነው የተሰበረው። የእኔ መስኮት። የእኔ እጅ። ትንሽ ወደ ግራ ያዘነበለ... ሁልጊዜ ወደ ግራ ነበር የማዘነብለው።

አለቀስኩ። ልጅቷ ደንግጣ ከረጢቱን አራቀችው። የተጨነቀችው ለእንባዬ ሳይሆን ለቴምብሯ ሙጫ ነው።

ጥር 10

ዛሬም አዳራሹ ሄድኩ። አጠገቤ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። አጉሊ መነጽር በገመድ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለዋል። አጉሊው እላቸዋለሁ። አርባ ዓመት ቴምብር ሲገዙ ኖረዋል፤ ዛሬ አስተማሩኝ። እንዳልረሳው፦ ፊቷን ብቻ ሳይሆን ጀርባዋንም እይ። የጠርዟን ጥርሶች ቁጠሪ፤ የጎደለ ካለ ዋጋ የለም። ተጠግና እንደሆነ ጠይቂ፣ ካልነገሩሽም ደግመሽ ጠይቂ። በተሸጠበት ዋጋ ላይ የቤቱ ኮሚሽን እንደሚጨመር አትርሺ። ከሁሉ በላይ የመጨረሻ ዋጋሽን ቤትሽ ቁጭ ብለሽ ጻፊ፤ አዳራሹ ውስጥ የሚጻፍ ዋጋ የእብድ ዋጋ ነው።

"እርስዎስ ሁልጊዜ የጻፉትን ያከብራሉ?"

"እኔማ ስንቴ አብጃለሁ" አሉ። "ከትልቁ በፊት ግን ከነገ ወዲያ ያለችው ትንሿ ጨረታ ላይ ተለማመጂ።"

ጥር 12

ተለማመድኩ።

እንዴት ብዬ ልጻፈው... ሙቀት ነበር። መስኮት አይከፈትም። ቁጥሬ የተጻፈበትን ካርቶን ይዤ እያራገብኩ ነበር። አጫራቹ አንድ ነገር ይላል፣ መዶሻው ጧ ይላል፣ ሰው ወደ እኔ ይዞራል። "ለእመቤት ሠላሳ ሰባት!" ሠላሳ ሰባት ማነው? እኔ ነኝ።

አሥራ አንድ ኪሎ ያገለገለ ቴምብር። በካርቶን ሣጥን። ከነፖስታ ቁራጩ። የተፎካከረኝ ሰው የለም።

ባለቤቴ መኪናውን ይዞ መጣ። ሣጥኑን ሲያይ የምር ፍሬን ያዘ፤ ከኋላው ያለው ታክሲ ያልሰደበው ነገር የለም።

ጥር 15

የልብስ ማጠቢያው ሳፋ በቴምብር ሞላ። ለብ ያለ ውሃ፣ ሃያ ደቂቃ፣ ከዚያ በወረንጦ ቀስ... አጉሊው እንዳሉት። አልጋ ላይ፣ ወንበር ላይ፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ሳይቀር ቴምብር ተሰጥቷል።

ባለቤቴ ሁለት ቀን አኮረፈ። ዛሬ ግን ሳላየው ሳፋው አጠገብ በርጩማ ስቦ ተቀምጧል።

"ነይ እስቲ። ይቺ አውቶቡስ መሪዋ በቀኝ ነው፣ በሯም በቀኝ ነው። ተሳፋሪው የት ሊወርድ ነው?"

"እኔ ምን አውቃለሁ?"

"ስህተት ናት ማለት ነው። ዋጋ አላት!"

የት ተማረው? ኩርፊያው ግን አለቀ።

ጥር 17

ዳክዬዋን ደግሜ ላያት ሄድኩ። ከፊቷ ያለው ወንበር ተይዟል። ከኋላ የማውቀው ትከሻ... ግራጫ ኮት፣ የሸሚዝ አንገት እስከ መጨረሻው የተቆለፈ።

ጋሽ ደንቡ። ከዘራ ይዘዋል። ከፊታቸው ጠረጴዛው ላይ 114።

"ጤና ይስጥልኝ" አልኩ።

ቀና አሉ። መጀመሪያ አላወቁኝም። ከዚያ አወቁኝ፣ ፊታቸው አመድ መሰለ።

"አንቺ ነሽ... ደህና ነሽ?"

"ደህና ነኝ። ምን ሊሠሩ መጡ?"

"ልጄ ስልኳ ላይ አሳየችኝ። ልገዛው ነው።"

"ያላዩትን?"

ከዘራቸውን አንስተው ወጡ። ስልሳ አንዱን ደረጃ ሲወርዱ ቆሜ አዳመጥኩ።

ሊያጠፉት ነው። ሌላ ምን ያደርጉበታል? አንድ ክብሪት፣ አለቀ። ከዚያ እስክሞት ግልብጧ።

ጥር 19

የመጨረሻ ዋጋዬን ጻፍኩ፦ ዘጠኝ ሺህ ከነኮሚሽኑ። ባለቤቴ አየው፣ እስክሪብቶውን ተቀበለኝ፣ "አሥር" ብሎ አረመው። "የመኪናዋ ጎማ አንድ ዓመት ይቆይ" አለ። ቀና ብዬ አላየሁትም። ባየው ይብስብኝ ነበር።

ጥር 20

በቅደም ተከተል ልጻፍ።

ከኋላ ተቀመጥን። ባለቤቴ ካርቶኑን እሱ ይዞልኛል፤ ሙቀት ነው ብዬ እንዳላራግብ። ጋሽ ደንቡ ከፊት፣ ጫፍ ላይ። አጉሊው መሐል ሆነው ዓይናቸውን ጠቀሱኝ።

114 ደረሰ። አጫራቹ ያነባል። "እጅግ ብርቅ፣ የተገለበጠ ምስል፣ ከነፖስታው። መነሻ ሁለት ሺህ። ከየትኛው መስኮት እንደወጣ ግን አይታወቅም..."

"ሦስት!" አልኩ ብድግ ብዬ።

"ሦስት ሺህ ተብሏል! እናመሰግናለን!"

"ዋጋ አይደለም፣ መስኮት ነው!"

"ሦስት ሺህ አምስት መቶ ከፊት!"

ጋሽ ደንቡ ናቸው። ባለቤቴ ካርቶኑን ሰቀለ። አራት። አራት ተኩል። አምስት። ሰውየው ዞር ብለው አያዩኝም፣ ከዘራቸውን ብቻ ከፍ ያደርጋሉ። ስምንት። ባለቤቴ ፍሬን እየረገጠ ነው፤ የፊተኛው ወንበር ተንሸራቶ አንዲት ሴትዮ ጉልበት ጋ ደረሰ። ወረቀቴን አየሁ። ከኮሚሽኑ ጋር ስምንት ማለት አሥር ሊሞላ ነው። እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ።

"ጨምር" አልኩ።

"አብደሻል?"

"አዎ።"

ስምንት ተኩል። ጋሽ ደንቡ ዘጠኝ። ከዚያ ግድግዳው ጋ ስልክ ይዛ የቆመችው ባለመነጽሯ ልጅ እጇን አወጣች። "አሥራ ሁለት፣ በስልክ።"

የጋሽ ደንቡ ከዘራ ወደ ላይ ማለት ጀመረ... ወረደ። ባለቤቴ አየኝ። በቃ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። ጧ!

አለቀ። ስልክ ላይ ያለ ማንነቱ የማይታወቅ ሰው ወሰዳት።

ጋሽ ደንቡን ደረጃው ላይ ደረስኩባቸው። ተቀምጠዋል፣ ሃያኛው አካባቢ። ስድቤን ሃያ ስድስት ዓመት ሳዘጋጀው ነበር። ግን ሲያለከልኩ አየሁና አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

"ሊያቃጥሏት ነበር አይደል?"

"መጀመሪያ አዎ" አሉ። "ያን ወር የምክትል ሥራ አስኪያጅነት ዕድገት እጠብቅ ነበር። 'አይቻለሁ፣ ሽጪ ብያለሁ' ብል ያልቅልኛል። አላየሁም አልኩ። በዓመቱ ወንበሩን ለሌላ ሰጡት።" ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አስተኙ። "ባለፈው ከፊቴ ሳስቀምጣት ግን... ማኅተሙ ወደ ግራ ያዘነብላል። ስንቴ ተቆጥቼሻለሁ፣ ቀጥ አድርጊ ብዬ።"

"ታዲያ ዛሬ ለምን ጨመሩ?"

"ላንቺ ልሰጥሽ።"

"እኔ እኮ ነኝ የተፎካከርኩዎት!"

"ከኋላ ማን እንዳለ እንዴት ልይ? አንገቴ አይዞርም፣ ጆሮዬም ከሩቅ አይሰማ።"

ባለቤቴ መኪናው ውስጥ ይህን ስነግረው እየሳቀ ሁለቴ መንገድ ሳተ። አስተማሪው!

ጥር 23

ባለመነጽሯ ልጅ ደወለች። የስልኩ ገዢ፣ "ሦስት፣ መስኮት ነው!" ብላ የጮኸችውን ሴትዮ አግኙልኝ ብሏል። ቴምብሯ እንዴት እንደተሸጠች የሚገልጽ ጽሑፍ ይፈልጋል፣ ከነምስክሩ። አብሯት ይቀመጣል፣ እሷ በተሸጠች ቁጥር አብሯት ይሄዳል።

ሁለት ገጽ ጻፍኩ። ምስክሩስ? ጋሽ ደንቡ ቤት ሄድኩ። ልጃቸው በር ከፈተችልኝ። አባቷ መነጽራቸውን ጠረጉ፣ ጽሑፌን እስከ መጨረሻው አነበቡ፣ ሁለት ነጠላ ሰረዝ አስተካከሉ። ከዚያ፣ "በደንቡ መሠረት ሁለት ቅጂ ያስፈልጋል" አሉ።

ከሥር በራሳቸው እጅ የጻፉት ይህ ነው፦ "ነግራኛለች። አይቻለሁ። አላየሁም ብዬ ዋሽቻለሁ።" ፊርማ። ቀን።

ሁለተኛውን ቅጂም ጻፉ። እንደገና "ዋሽቻለሁ" የምትለዋ ላይ ሲደርሱ ልጃቸው ወደ ጓዳ ገባች። እኔም መጋረጃውን አየሁ።

የካቲት 11

የፖስታ ቤት ጡረተኞች ወርሃዊ ስብሰባ። ስለ መዋጮ፣ ስለ አዳራሹ መብራት... ከዚያ ጋሽ ደንቡ እጃቸውን አወጡ። ከደረት ኪሳቸው ቅጂያቸውን አውጥተው ቆመው አነበቡ። የእኔን ሁለት ገጽ፣ የእሳቸውን ሦስት ዓረፍተ ነገር።

ወረቀቱን አጥፈው ወደ ኪሳቸው መለሱ።

ግልብጧ የሚለውን ስም ያወጣችልኝ የመስኮት አምስቷ ሠራተኛ ነበረች። እሷ ናት መጀመሪያ የተነሳችው። "እኔም እኮ አይቻት ነበር፣ ዳክዬዋን!" አለች። ከዚያ የፖስታ መኪናው ሾፌር፣ "እኔም!" ከዚያ የጥቅል ክፍሉ ሰው፣ "ለእናቴ አንድ ገዝቼላት ነበር።" ከዚያ ያን ጊዜ ገና ያልተቀጠረው የጥበቃ ኃላፊም አይቷታል! ወረቀቱ ሃምሳ ቴምብር ነበረው፤ ዛሬ የመሰከረው ሰው ብዛት ግን አንዱን ቴምብር ለሁለት ካልቀደድነው አይዳረስም።

ልናደድ ፈለግኩ። እውነቴን ነው፣ ሞከርኩ። ሳቄ ቀደመኝ። ሆዴን ይዤ ስስቅ መስኮት አምስትም ሳቀች፣ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ። ከዚያ እሷ አጠገቤ መጥታ በስሜ ጠራችኝ። በእውነተኛ ስሜ፣ ከነአባቴ። አስታውሳዋለች ማለት ነው።

ስንወጣ ደረጃ ነበር። ጋሽ ደንቡ ከዘራቸውን በቀኝ ያዙ፣ ግራ ክንዳቸውን ለእኔ ሰጡኝ። ቀስ እያልን ወረድን።