ቀበቶ የታሰረለት ቴሌቪዥን

አንቺዬ፣ ዛሬ በዚህ በሰው አገር ታክሲ ውስጥ ጉድ ሆንኩልሽ! ማሙሽን ጭኔ ላይ አስቀምጬ «እንሂድ» ስለው ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋ። ከኋላ የልጅ ወንበር አውጥቶ «እዚህ ላይ ይታሰር» አለኝ። «እናቱ ነኝ፣ ጥብቅ አድርጌ እይዘዋለሁ!» ብዬ ጮህኩበት። ሽማግሌው ሹፌር ሳይቆጣ ማሙሽን ያረፍንበት ሆቴል በር ላይ ሊሸኘን ለቆመው አባቱ ሰጠውና «እስቲ ቦርሳሽን እንደ ልጅሽ ያዢው» አለኝ። እዚያው የሆቴሉ ግቢ ውስጥ ትንሽ ነድቶ ድንገት ፍሬን ያዘ። ቦርሳዬ በርሮ ከፊት መስታወቱ ጋር ተላተመ፤ ሊፒስቲኬ እስካሁን አልተገኘም። ልጄን ከአባቱ ተቀብዬ ወንበሩ ላይ ራሴ አሰርኩት።

ቴሌቪዥን የገዛን ቀን ትዝ አለኝ። ባለታክሲው ወንድምሽ ቴሌቪዥኑን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ጋቢና አስቀመጠና ቀበቶ አሰረለት። እኔን ግን «አንቺ ልጁን እቀፊው፣ ዕቃው እንዳይሰበር ቀስ ብዬ ነው የምነዳው» አለኝ። እኔ ደግሞ ጭራሽ መረቅኩት!

ለእናትሽና ለልጆቹ ሰላም በይልኝ፣ ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። ቅዳሜ አውሮፕላን ማረፊያ የሚቀበለን ወንድምሽ ከሆነ አደራሽን፣ ልጅ ይዛለች እንዳትዪው፤ ቴሌቪዥን ይዛለች በይው።

የማሙሽ እናት