ያልተፈረመ እንዳልተሰጠ ይቆጠራል

ጥቅምት 4

ሁለት እጅጌ ተከልኩ፣ አንድ ዚፕ ቀየርኩ፣ አንድ ሱሪ አሳጠርኩ። ዳኛው ውሃ ሲጠጣ ዋለ። ድመት ነው ግመል? ሳህኑን ሦስቴ ሞላሁለት። ጋሼ ከወንበሩ ሳይነሳ፣ «ጨው የበዛበት ነገር ሰጥተሽው ይሆናል» አለ። ርዕሰ መምህር ጡረታ ወጥቶ እህቱ ቤት ሲገባ ሁሉን አዋቂነቱን ትምህርት ቤት ትቶ አይመጣም። ይዞት ይመጣል። ከሁለት ሻንጣ መጻሕፍት ጋር።

ዳኛው ግን ከስቷል። ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይሸናል፣ ይከሳል። ስዳብሰው የጀርባው አጥንት እንደ ዚፕ ጥርስ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ነገ ሐኪም።

ጥቅምት 5

ስኳር ነው። ድመት ስኳር ይይዘዋል? ይዞታል።

የእንስሳት ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፣ ፈጣን። «ባለቤትዎ ይያዙት፣ እርስዎ ይውጉት» ስትለኝ፣ «ወንድሜ ነው!» «እህቴ ናት!» … እኩል ጮህን። ዓመት ሙሉ በአንድ ቤት ስንኖር የተስማማንበት የመጀመሪያው ነገር ሳይሆን አይቀርም።

ኢንሱሊን። ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ማታ አንድ ሰዓት። መጀመሪያ ይበላ፣ ከዚያ ይወጋ። ጠርሙሱ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ፤ አይናጥም፣ በመዳፍ መሀል ይንከባለላል። መጠኑ ስሪንጁ ላይ ሁለት መስመር ብቻ። አንዱን ነገር ግን ደጋግማ ተናገረች፦ «መሰጠቱን ከተጠራጠራችሁ አትስጡ። አንድ መርፌ ቢያልፈው ምንም አይሆንም። ሁለቴ ከተሰጠው ግን ልታጡት ትችላላችሁ።» ጋሼ ራሱ ያስተማራት ይመስል ጭንቅላቱን ነቀነቀ።

«እስከ መቼ ነው?» አልኳት።

«ዕድሜ ልክ።»

«የማን?» አለ ጋሼ።

ጥቅምት 6

ጋሼ፣ «ቆይ፣ ያለ ልምምድ ወደ ተግባር አይገባም» አለ። ብርቱካን ላይ ተለማመደ። ሃያ ጊዜ ወጋው። ብርቱካኑ ጨዋ ነበር፣ አልጮኸም፣ አልቧጨረም። የዳኛው ተራ ሲደርስ ጋሼ ላብ በላብ ሆነ። መርፌውን ወደ እኔ ዘረጋ። ያ አንድ ሺህ ተማሪ በዓይኑ ብቻ ቀጥ የሚያደርግ ሰውዬ!

ሠላሳ ዓመት በመርፌ የኖርኩት እኔ ነኝ። ዳኛው ሳህኑ ላይ እንዳቀረቀረ ማጅራቱን እንደ ሽንሽን ቆንጠጥ፣ ጥቅ፣ አለቀ። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም።

«ትንሽ አጋድለሽዋል» አለ ጋሼ።

ጥቅምት 9

ጋሼ መውጋት ቻለ። ስለዚህ አሁን ሕግ ወጣ። ፍሪጁ ላይ ሉህ ተለጥፏል፣ በማስመሪያ የተሰመረ። ቀን፣ ሰዓት፣ መጠን፣ የሰጪው ፊርማ፣ አስተያየት። ቀይ እስክሪብቶ በክር ታስሮ ተንጠልጥሏል (ክሩ የኔ ነው፣ ሳይጠይቀኝ ነው የቆረጠው)። ከሥር፣ ሁለቴ ተሰምሮበት፦ «ያልተፈረመ እንዳልተሰጠ ይቆጠራል።»

ሐኪሟ ያለችው የዚህን ተቃራኒ አይደለም እንዴ? ልናገር ብዬ ተውኩት። ዘጠኝ ዓመት ይበልጠኛል። ልጅ ሳለሁ ማንም ሳይጠይቀው ደብተሬን በቀይ ያርም ነበር። ከእሱ ጋር ተከራክሮ ቤቱ በሰላም የገባ ሰው አላውቅም። እሱ ደግሞ ቤቴ ውስጥ ነው።

ጠዋት የእሱ ተራ፣ ማታ የኔ።

ጥቅምት 17

ዛሬ ደሜ ፈልቷል።

ባንክ የምትሠራው ደንበኛዬ አረንጓዴ ቀሚሷን ልትለካ መጣች። ወገቡ ላይ አልዘጋ አለ። «ምነው፣ አጠበብሽው?» አለችኝ። ውስጡ ሁለት ሴንቲ ትርፍ ትቻለሁ፤ «ትንሽ ልልቀቅልሽ» ልላት አፌን ስከፍት፣ ከጋዜጣው ጀርባ፦ «እህቴ በልኩ ነው የሰፋችው። ልኩ ነው የተለወጠው።»

ቀሚሱን አውልቃ ጥላው ሄደች። አሥራ አንድ ዓመት የሰፋሁላት ሴትዮ!

«እውነት ነው የተናገርኩት» ይላል ደግሞ። እውነቱን ማን ጠየቀው? ከዛሬ ጀምሮ አላናግረውም። በቃ።

ጥቅምት 21

«ዳኛው፣ ለጋሼ ምሳ ቀርቧል በለው።»

«ዳኛው፣ መጣሁ በላት።»

ድመቱ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሱን ያያል። ዳኛው ያልነው መሀላችን መቀመጥ ስለሚወድ ነበር፣ ይኸው እውነተኛ ሥራ አገኘ። ጋሼ እኮ ጨዋታ አያውቅም፣ በቁም ነገር ነው የሚያናግረው። «ዳኛው፣ የመታጠቢያ ቤቱ አምፖል መቃጠሉን ለሚመለከተው አሳውቅልኝ።» የሚመለከተው እኔ ነኝ።

ይሄ ድመት ቢሞት በማን በኩል ልናወራ ነው? … ምን ነካኝ። አይሞትም።

ጥቅምት 26

ከጆሮው ጫፍ ደም ጠብ አድርጌ ለካሁት። ስኳሩ ወርዷል! ደስ ብሎኝ ለጋሼ ልነግረው ዞር አልኩ… ከዚያ ትዝ አለኝ። ለዳኛው ነገርኩት። ለእሱ ደግሞ ምኑም አይደለም።

ኅዳር 3

ከተጣላን ጀምሮ ሉሁ ላይ አልፈርምም። ማታ ማታ ዳኛውን ስወጋ ጋሼ ፊት ለፊቴ ቁጭ ብሎ ያያል። በዓይኑ በብረቱ ያያል! ከዚያ ይነሳና በቀይ «ፊርማ የለም» ብሎ ይጽፋል። ዛሬ አስተያየት የሚለው ላይ ምን ጨመረ? «ተደጋጋሚ ጥፋት።»

ሃምሳ ሦስት ዓመቴ ነው። ተደጋጋሚ ጥፋት!

እሺ። ፊርማ ነው የፈለገው? ፈረምኩ። በልብስ ጠመኔዬ። በነጩ። ነጭ ወረቀት ላይ። በምን እንደሚፈረም ሕጉ አይልም። ጋሼ መጣ፣ መነጽሩን አደረገ፣ አየ፣ «ፊርማ የለም» ብሎ ጻፈ። በፊርማዬ ላይ! ኩሽና ገብቼ አፌን በጨርቅ አፍኜ ሳቅኩ።

ኅዳር 7

በጠመኔ አምስተኛ ቀን። ጋሼ አምስቴ «ፊርማ የለም» አለ። እንዲህ የተደሰትኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። ክፉ ሴት ወጥቶኛል።

ኅዳር 11

«ዳኛው፣ ነገ ጡረታ ቢሮ ሰልፍ አለብኝ፣ በሌሊት ነው የምወጣው። የጠዋቱን መርፌ ሌላ አካል እንዲሸፍን አሳውቅልኝ።»

«ዳኛው፣ ሌላው አካል ሰምቷል በለው።»

ኅዳር 12

ዳኛው ሐኪም ቤት ያድራል። መጻፍ አልችልም።

ኅዳር 13

ልጻፈው። ካልጻፍኩት አይለቀኝም።

ትናንት ጠዋት አንድ ሰዓት። በላ፣ ወጋሁት፣ ፈረምኩ። በጠመኔ። ለምን? ጋሼ የለ፣ የሚናደድልኝ ሰው የለ። ሲመጣ «ፊርማ የለም» ይላል፣ እኔም እስቃለሁ ብዬ። ከዚያ የተሰፋ መጋረጃ ላደርስ ደንበኛ ቤት ሄድኩ።

ጡረታ ቢሮ ሲስተም የለም ተባለ። ጋሼ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ቤት ተመለሰ። ሉሁን አየ። ባዶ። ያልተፈረመ እንዳልተሰጠ… ወጋው። ሰዓቱን ሳይቀር በቀይ ሞልቶ ፈረመ፦ 2፡40።

አራት ሰዓት ተኩል ላይ ስገባ ዳኛው ኮሪደሩ ላይ ተዘርግቷል። ሊነሳ ይሞክራል፣ የኋላ እግሮቹ አይታዘዙትም። ዓይኑ ተከፍቷል፣ ግን አያየኝም። ጋሼ አጠገቡ ተንበርክኳል።

«ምን ሆነ?» አልኩ። ድመቱን አልነበረም የጠየቅኩት።

«እኔ እንጃ… መርፌውን ከሰጠሁት በኋላ…»

«ምን? እኔ ሰጥቼዋለሁ እኮ!»

«አልፈረምሽም!»

«ፈርሜያለሁ!»

ሉሁን ከፍሪጁ ላይ ገነጠለው። ወደ መስኮቱ ወስዶ አጋደለው። ብርሃኑ ሲያርፍበት ታየ። የትናንቱ ብቻ አይደለም። አሥሩም። ዘጠኙ ላይ «ፊርማ የለም» ተብሎ ተጽፎባቸዋል። ጋሼ ወረቀቱን ቀስ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ምነው በሰደበኝ!

ስኳሩ ከፍ እንዲል ማር በጣቴ ድዱ ላይ ቀባሁለት። በፎጣ ጠቅልለነው ታክሲ ያዝን። ሹፌሩ፣ «ለድመት ነው እንዲህ የምትሆኑት?» ሲል ጋሼ በዚያ በሰልፍ ሜዳ ድምፁ፣ «ዝም ብለህ ንዳ!» አለው። ሹፌሩ ነዳ። እኔ ፎጣው ላይ አለቅሳለሁ። ቀልድ ነበር። ለቀልድ ብዬ ገደልኩት…

«አይዞሽ፣ ሚጡ» አለኝ ጋሼ። እናታችን ከሞተች ወዲህ ሚጡ ብሎኝ አያውቅም።

ኅዳር 14

ሐኪሟ ደወለች። ስኳሩ ተስተካክሏል፣ ዓይኑ ግን ገና። «ግን እንዴት ሁለቴ ተወጋ? በአንድ ቤት እየኖራችሁ አትነጋገሩም እንዴ?»

ምን ልበላት? በድመቱ በኩል እንነጋገራለን ልበላት?

ኅዳር 16

መጣ! ያያል። የግራ የኋላ እግሩን ይጎትታል፣ ሐኪሟ «ሊመለስም ላይመለስም ይችላል» አለች። መርፌው ወደ አንድ መስመር ወርዷል። ገብቶ ቀጥታ ወደ ሳህኑ ነው የሄደው፣ እየተጎተተ።

ጋሼ መርፌ አይነካም። ጠዋትም ማታም እኔ ነኝ። ሉሁ የለም። ቀዩ እስክሪብቶ ብቻውን በክሩ ተንጠልጥሏል። ቤቱ ጭር ብሏል። ኩርፊያ እንኳ የራሱ ጫጫታ ነበረው። አሁን «ዳኛው፣ እንዲህ በለው» ማለትም አቃተኝ። በየትኛው አፌ?

ኅዳር 19

አልቻልኩም። የስፌት መኪናውን አቁሜ ሄጄ ፊቱ ቆምኩ።

«ለምን አትሰድበኝም?»

ጋዜጣውን አጠፈ።

«ሉሁን ባዶ ሳየው ልደውልልሽ ስልኩን አንስቼ ነበር» አለ። «ቁጥርሽን አውጥቼ ነበር፣ ሚጡ። ከዚያ… ቀድሜ አላናግራትም አልኩና አስቀመጥኩት።»

«ሐኪሟ ከተጠራጠራችሁ አትስጡ ብላ ነበር።»

«አልተጠራጠርኩም እኮ። ሕግ ነበረኝ።»

እንዲህ ሲል ድምፁ ተሰበረ። ሃምሳ ሦስት ዓመት ሙሉ ሲሰበር ሰምቼው የማላውቀው ድምፅ። ልስቅበት ይገባኝ ነበር፣ አልሳቅኩም። እኔ ጠመኔ፣ እሱ ስልክ። ደህና አድርገን ተካፍለናል ጥፋቱን። ያ እግሩን የሚጎትተው ግን እሱ ምን አደረገ?

ኅዳር 20

አዲስ ሉህ ሠራሁ። ልብስ በምቀድበት ቡናማ ወረቀት። በዚህ ላይ ጠመኔም ቢሆን ይታያል። ሥሩ ላይ በወፍራሙ፦ «ከተጠራጠርክ ጠይቅ።»

ጋሼ አነበበው። «“ከተጠራጠርሽ” የሚለውም ይጨመር» አለ።

ጨመርኩ።

ኅዳር 23

ጋሼ ጠዋት ራሱ ተነስቶ መርፌውን ያዘ። ሲያስጠጋው እንደ መጀመሪያው ቀን ላብ በላብ ሆነ። «ብርቱካን ላምጣልህ?» አልኩት። «አፍሽን ዝጊ» አለኝ። ለእኔ። በቀጥታ። ደስ አለኝ።

ኅዳር 28

የባንኳ ደንበኛዬ ተመለሰች። ለእኔ ብላ ሳይሆን ለቀሚሷ፣ ግን መጣች። በሩ ሲንኳኳ ጋሼ ጋዜጣውን ብብቱ ሥር ሸጎጠና ወንበሩን ተሸክሞ ደጅ ወጣ። እስክትሄድ ድረስ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ነበር፣ መላጣው ቀልቷል። ሁለቱን ሴንቲ ለቀቅኩላት። ልክ ሆነ። ስትወጣ፣ «ያምርብሻል» አላት። ገና ቀሚሱን በፌስታል ይዛው ነበር፣ ግን ይሁን።

ማታ አንድ ሰዓት። ዳኛው በላ፣ ወጋሁት። የዛሬው ልኬት ጥሩ ነው። እግሩ ያው ነው።

«ሰጠሽው?» አለ ጋሼ።

«እያየኸኝ አይደል እንዴ?»

«እጠይቃለሁ። ሕጉ ነው።»

«ሰጥቻለሁ።»

«ፈርሚ።»

ፈረምኩ። በቀዩ፣ ትልቅ አድርጌ። ዳኛው መሀላችን ቁጭ ብሎ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሱን ያያል። መልእክት የሚልከው ሰው የለም። ቅር ያለው ይመስላል።

ዕቃ ሳጥብ ጋሼ ሉሁ ጋ ቆሞ ሲሞነጫጭር አየሁት። ልተኛ ነው ብሎ ክፍሉ ሲገባ ሄጄ አየሁ። ደግሞ ምን አጠፋሁ ብዬ። ልጅ ሆኜ ደብተሬን እንደምከፍተው አንድ ዓይኔን ጨፍኜ አነበብኩ።

አስተያየት በሚለው ላይ፣ በቀይ፣ በዚያ በሚያምር ጽሕፈቱ፦ «ፊርማው ይነበባል።»