አዲሱ ሰዓት በማን ስም ይሁን

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

እንዴት ከርመሃል? ጤናህስ? ያ የወገብህ ሕመም ለቀቀህ ወይስ አሁንም ከወንበር የምትነሳው እንደ ሽማግሌ ጠረጴዛ ተደግፈህ ነው? አዲሱ ከተማ ለመድከው? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ጠዋት ጠዋት ትንሽ ያጉረመርማል እንጂ ለክፉ አልሰጠኝም። ይህን ደብዳቤ የጀመርኩት ማክሰኞ ነው፤ ዛሬ ዓርብ ሆነ። በስልክ ልነግርህ ስንት ጊዜ አሰብኩ፤ ግን በስልክ አንተ ቶሎ ቶሎ እሺ እሺ ስትለኝ እኔ ያሰብኩትን ትቼ ስለ ዝናብ አወራለሁ። ወረቀት ይሻለኛል። ወረቀት ቀስ ብልም ይጠብቀኛል።

የምጽፍልህ ስለ ሰዓቱ ነው። የላክህልኝን የሦስቱን ሰዓቶች ፎቶ አይቼዋለሁ። የመጀመሪያውን፣ የሴት ልጄን ዓይነቱን፣ ልግዛልሽ ብለኸኛል። በእሷ ስም እናስገባውና እንደነበረው ይቀጥላል፣ አንድም ቀን ያልተቋረጠ ይመስላል ብለኸኛል። መልሴን ከመጻፌ በፊት ግን ሰዓቷ እንዴት እኔ እጅ ላይ እንደቀረ ልንገርህ፤ ባሏ ሆነህ ሳለ ይህን እስካሁን አልነገርኩህም።

ሆስፒታል የተኛች ቀን ነርሷ እጇ ላይ ያለው ሁሉ ይውለቅ አለች። አንተ ካርድ ልታወጣ ወርደህ ነበር። ቀለበቷን ለአንተ እንዳስቀምጥ ነገረችኝ። ሰዓቱን ግን ራሷ ፈታችና፣ «እማ፣ ያዢልኝ፤ እንዳይጠፋብሽ እጅሽ ላይ እሰሪው» አለችኝ። ይሄ የድስት ክዳን የሚያህል ነገር እጄን ይሰብረዋል አልኳት። «ስወጣ ትመልሺልኛለሽ፤ እስከዚያ ግን እንዳትሮጪበት» አለችኝ። እንዴት እንደሳቅን! በሳቃችን ነርሷ ተመልሳ መጣች።

አልመለስኩላትም። ሰዓቱም ቻርጁ አለቀና ዝም ብሎ እጄ ላይ ከረመ። ለቀስተኛው ሁሉ ወደየቤቱ ከሄደ፣ አንተም ከተዛወርክ ከብዙ ወር በኋላ፣ ዕቃዎቿን ሳስተካክል የቻርጁን ገመድ አገኘሁና ሰካሁት። በርቶ ሰዓትና ቀን አሳየኝ፤ ደስ አለኝ፤ እንደገና አሰርኩት። በማግስቱ በስፌት መኪናዬ ፊት ተቀምጫለሁ፤ እግሬ መርገጫው ላይ ነው፣ ግን አልረግጠውም፤ ጨርቁም እጄ ላይ ነው፣ ግን አላየውም። እንዲህ ስንት ሰዓት እንደምቀመጥ አላውቅም ነበር። በድንገት ሰዓቱ እንደ ጫጩት እጄ ላይ ተንቀጠቀጠና ለዓይኔ የደቀቀ ጽሑፍ አወጣ። የጎን ቤቷን አስተማሪ በመስኮት ጠራኋትና ምን እንደሚል ጠየቅኳት። መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ አየችውና፣ «ተነሺ ነው የሚለው» አለችኝ። ማነው ተነሺ የሚለኝ አልኳት። «ሰዓቱ ነዋ! ብዙ ከተቀመጡ ይቆጣል» አለች።

ተነሳሁ። ልጄ ሁልጊዜ እንደምታደርገው የላይኛውን ቁልፍ ተጫንኩና ከቤት ወጣሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ገና ጎህ ሲቀድ እወጣለሁ። የማተሚያ ቤቱን አጥር ይዤ፣ ኩሬው ጋ ስደርስ ወደ ግራ ታጥፌ፣ በረጃጅሞቹ ዛፎች ሥር አልፋለሁ። በዚያ ሰዓት ጭጋጉ ከውኃው ላይ ይነሳና ወገቤ ድረስ ይሸፍነኛል፤ እግሬን ስለማላየው የምራመድ ሳይሆን የምንሳፈፍ ይመስለኛል። አንዳንዴ አንድ ሯጭ ከኋላዬ መጥቶ ያልፈኛል። ጀርባውን ሳየው እሷ ትሆናለች። ትከሻዋ እንደዚያው ነው፣ የፀጉሯም አስተሳሰር እንደዚያው። ጭጋጉ ይውጣታል፤ አልጠራትም። ሌላ ሰው መሆኑን አጥቼው አይደለም ልጄ፣ አትስጋ። ለአሥር እርምጃ ያህል ግን እሷ ነበረች፤ አሥር እርምጃ ደግሞ ቀላል አይደለም። ኪሎ ሜትር በሞላ ቁጥር ሰዓቱ ፒፕ ይላል። እኔም እሺ እለዋለሁ።

ከጊዜ በኋላ መንገዱ ቁልቁል ሲሆን ትንሽ ሮጥ ማለት ጀመርኩ። ሰው እንዳያየኝ ዙሪያዬን አይቼ ነው። እንዳትሮጪበት ብላኝ ነበር፤ ይቅር ትበለኝ።

ባለፈው ወር በዝናብ ወጥቼ ነበር፤ ስመለስ መስታወቱ ውስጥ ጤዛ አየሁ። በማግስቱ ሰዓቱ አልበራ አለ። ሰዓት ጠጋኙ ጋ ወሰድኩት። ጀርባውን ከፈተና፣ «እናቴ፣ ይሄ እኮ ሰዓት አይደለም፣ ኮምፒውተር ነው። ውኃ ጠጥቷል» አለኝ። ይድናል ወይ አልኩት። ክዳኑን ቀስ ብሎ መልሶ ገጠመው። እንዲህ ያለውን መልስ ከሆስፒታል አውቀዋለሁ፤ አመስግኜው ወጣሁ።

በዘጠነኛው ቀን አንተ ደወልክ። አሞሽ ነው ወይ አልከኝ። ደህና ነኝ አልኩህ። «ታዲያ ለምን አቆምሽ?» አልከኝ። ምኑን አልኩህ። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ ስል ነው የነገርከኝ።

በምን ልወቅ ልጄ? ሰዓት ሰዓት ነው ብዬ እንጂ የሄድኩበትን ሁሉ ለስልኳ እንደሚያወራ፣ ስልኳም ለአንተ ስልክ እንደሚያወራ ማን ነገረኝ? ስልኳን መስኮቱ ሥር ቻርጅ ላይ ያቆየሁት ፎቶዎቿን ለማየት ብዬ ነበር። አንተ ደግሞ መውጣት በጀመርኩ ሰሞን ወደ ሥራ ስትሄድ አውቶቡስ ውስጥ ስልክህን ከፍተህ «ሽውታ ዛሬ ጠዋት ወጥታለች» የሚል አነበብክ። ሰፈሩ ያወጣላት ስም፣ እሷም ሩጫዋን የምታስመዘግብበት ስም። ከአውቶቡሱ ወርደህ መንገድ ዳር ቁጭ እንዳልክ ነገርከኝ። መጀመሪያ ሌባ ሰዓቷን የወሰደው መስሎህ ነበር። ቀጥለህ ፍጥነቱን አየህ፤ አንድ ኪሎ ሜትር በሃያ አንድ ደቂቃ። «እማዬ፣ እንዲህ እያዘገመ የሚሸሽ ሌባ የለም፤ ያኔ አንቺ መሆንሽን አወቅኩ» ስትለኝ እያለቀስኩ ሳቄ አመለጠኝ። ብነግራት ታቆማለች ብለህ አምስት ወር ሙሉ አፍህን ያዝክ።

ስልኩን እንደዘጋሁ የእሷን ስልክ ከፈትኩት። አስተማሪዋ አሳየችኝ። የሄድኩበት ሁሉ በቀይ ክር ተሰምሯል። ከደጄ ይነሳል፣ ኩሬውን ዞሮ ይመለሳል። ዕድሜ ልኬን ስሰፋ እንዲህ የተንሻፈፈ ስፌት ከእጄ ወጥቶ አያውቅም። በእያንዳንዱ ሥር አንድ አውራ ጣት አለ፤ የአንተ። ቆጠርኩት፤ መቶ አርባ ሦስት። ወደ ታች ስናወርደው የልጄ መንገዶች መጡ፤ ረጃጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ከተማውን ከዳር እስከ ዳር የሚሰነጥቁ። የእሷ መንገድ ባለቀበት ቀንና የእኔ በጀመረበት ቀን መካከል ባዶ ነው። አስተማሪዋ ባዶውን በጣቷ ቶሎ አሳለፈችልኝ።

እውነቱን ልንገርህ፣ የአንተን ሐሳብ ወድጄው ነበር። ያንኑ ሰዓት ልሰር፣ በዚያው ስም ልውጣ፣ አንተም በየጠዋቱ ስሟን እይ፤ ማንን ይጎዳል አልኩ። ስሟ የሆነ ቦታ ሲንቀሳቀስ መኖሩ ደስ አሰኘኝ። እሁድ ገና ከመንጋቱ «እሺ፣ ግዛልኝ» ልልህ ደወልኩ። የእኔ ስልክ ሂሳብ ስላልነበረው የእሷን አነሳሁ።

ወዲያው አልተነሳም። ቆይቶ እንቅልፍ ያለቀቀው የሴት ድምፅ፣ በሹክሹክታ፣ «ማን ልበል?» አለኝ። እኔም የተሳሳትኩ መስሎኝ ቁጥሩን አየሁ። «እሱ ዳቦ ሊገዛ ወጥቷል… እባክዎ፣ ማን ልበል?» አለችኝ። ያኔ ነው ስልክህ ላይ የማን ስም እንደወጣ የገባኝ። ተሳስቼ ነው፣ ይቅርታ አልኩ። «ምንም አይደል» አለችኝ። ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ቢሆንም ምንም አይደል አለችኝ፤ ስልኩንም ቀድማ አልዘጋችብኝም።

ያን ቀን እስኪመሽ ሰባት የተማሪ ቀሚስ ቀመቀምኩ። በማግስቱ ሱቅ ሄድኩ።

ሻጯ ጥፍሯን የተቀባች፣ ማስቲካ የምታኝክ ልጅ ናት። ለልጅ ልጅዎ ነው ወይ አለችኝ። ለእኔ ነው አልኳት። «ለጤና?» ለሩጫ አልኳት። ጎንበስ ብላ ጫማዬን አየችና ማስቲካዋን ማኘክ አቆመች። ለነገሩ ጨዋ ናት፤ ሦስት አወጣችልኝ። አንደኛው አንተ የመረጥከው ነው። ልብ ይለካል፣ ሙዚቃ ያጫውታል፣ እንቅልፍም ይለካል አለች። እንቅልፌን ለክቶ ምን ሊያደርግበት ነው? ዋጋውም እንደ እንቅልፌ አስቸጋሪ ነው። ሁለተኛው ቀጭን፣ የሚያምር፣ በጣም ርካሽ። መንገዱን የሚለካበትን ሳተላይት በራሱ ያገኛል ወይ ብዬ ጠየቅኳት፤ ይህን ከአንተ ነው የተማርኩት። አያገኝም፣ ስልክ ኪስ ውስጥ መያዝ አለብኝ። ያለ ስልክ ዕውር ነው ማለት ነው። ደግሞ ቁልፍ የለውም፣ በጣት የሚነካ ነው። ክር መርፌ ውስጥ ስከት እንደማደርገው ጣቴን በምላሴ አርሼ መስታወቱን ነካሁት፤ አልታዘዘኝም። «እማማ! ምን እያደረጉ ነው?» ብላ ጮኸች። ዝናብ ሲዘንብ ይሠራ እንደሆነ እየፈተንኩት ነው አልኳት። ሌላ ገዢ ሳቀ። እሷም ሳቀችና መስታወቱን ወለወለችው።

ሦስተኛው ግራጫ ነው። መልክ የለውም። አምስት ቁልፍ አለው፣ ቁጥሩ ያለ መነጽር ይታየኛል፣ ሳተላይቱን ራሱ ያገኛል፣ አንዴ ቻርጅ ከተደረገ ሳምንት ያልፋል። ማሰሪያውን ገልብጬ አየሁት፤ ቢበጠስ ሌላ ይገጠምለታል። ለምን ረከሰ ብላት ያለፈው ዓመት ስለሆነ ነው አለችኝ። እኔ ካለፈው ዓመት ጋር ችግር የለብኝም አልኳት። አቅሜ የሚችለው እሱን ነው፤ ገዛሁት። ልብህ ለእኔ እንዳሰበ ቆጥሬዋለሁ፣ አትቀየመኝ።

ከዚያ ልጅቱ ስልኬን ተቀብላኝ፣ «አዲስ ልክፈትልዎ ወይስ ነባር ስም አለዎት?» አለችኝ።

ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ጉሮሮውን ጠራረገ። የሽውታን መግቢያ ቃል አውቀዋለሁ፤ አስተማሪዋ ጽፋልኛለች፤ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ቦርሳዬን ከፈትኩት። ከዚያ ዘጋሁት።

«አዲስ» አልኳት።

ስሜን ፊደል በፊደል ነገርኳት። የልደት ዓመት አለች፣ ነገርኳት። ቁመት አለች፣ የአንገቴን ሜትር አውጥቼ እዚያው ግድግዳው ላይ ለካን። ክብደት ስትለኝ እሱን ዝለዪው አልኳት። «ሰዓቱ አይቀበልም እማማ» አለች። እንግዲህ ጆሮዋ ላይ ነገርኳት።

ልጄ፣ ከእንግዲህ ጠዋት ስልክህን ስትከፍት ስሟ አይመጣም። አሞኝ አይደለም፣ አትደውል። የእሷ መንገድ እሷ ባቆመችበት ይቁም። የእኔ መቶ አርባ ሦስት ቀንም እዚያው ከሥሩ ይኑር፣ አልሰረዝኩትም። ስልኳን ከቻርጁ ነቅዬ በሻርፗ ጠቅልዬ መሳቢያ ውስጥ አኑሬዋለሁ፤ ከእንግዲህ በእሱ የሚደውል የለም። እሁድ ያስደነገጥኩት ሰው ካለ ይቅርታ ጠይቅልኝ። አንተ ዳቦው ሳይቀዘቅዝ ቁርስህን ብላ።

ትናንት ጠዋት አዲሱን አስሬ ደጄ ላይ ቆምኩ። ቁልፉን ስጫን ሳተላይት እየፈለግኩ ነው የሚል ጻፈ። የልጄ ሰዓት ይህን ሰፈር ስለሚያውቀው ወዲያው ነበር የሚያገኘኝ። ይሄኛው ግን አዲስ ነው፤ የት እንዳለ አያውቅም፣ ማን እንደያዘውም አያውቅም። ሻጯ የመጀመሪያ ቀን ይዘገያል፣ እጅዎን ወደ ሰማይ ከፍ ያድርጉ ብላኝ ነበር። ጭጋጉ ውስጥ እጄን አንስቼ ቆምኩ። ወተት አዳዩ ብስክሌቱን አቁሞ፣ «ማንን ነው የሚጠሩት?» አለኝ። ማንንም አልኩት። ሰማዩ ነጭ ነበር፤ ምንም አይታይም። ክንዴ ዛለ፣ አላወረድኩትም። ብዙ ቆይቶ እጄ ላይ ተንቀጠቀጠ፤ ያለሁበትን አገኘው። እኔም ሄድኩ።

ፈጣሪ ጤናና ሰላም ይስጣችሁ። ቤታችሁን ሙሉ ያድርግላችሁ፤ የምትተኙበት እንቅልፍ የዕረፍት ይሁን፤ የምትወልዱት ይደግላችሁ። በዚህ በኩል ስታልፉ ደጄ ክፍት ነው፤ ቀድማችሁ ብትነግሩኝ ደግሞ ትርፍ አልጋውን አነጥፋለሁ።

አማትህ የነበርኩት፣
እናትህ