አባዬ ያስተዋወቀኝ ዕለት

ለውድ ወንድሜ ለዌንደል፤ ያ ሁሉ ባሕር እንዴት ይዞሃል? እኛ ጌታ ይመስገን ደህና ነን።

ኮሌጁ ጎበዞችን ብቻ የሚመርጥበት የማዕረግ ተማሪዎች ፕሮግራም ውስጥ ገባሁልህ! ከድንጋይ ከሰል ቆፋሪ ቤት፣ እኔ! ክፍላችን አንድ ትልቅ ክብ ጠረጴዛ ብቻ ነው ያለው። ፕሮፌሰሯ መሃላችን ተቀምጠው ይጠይቁና ዝም ይላሉ። መልሱን ስነግራቸው «ጎበዝ፤ አሁን ደግሞ አንቺ ጠይቂኝ» አሉኝ። እኔ እኮ ጥያቄ የአስተማሪ ብቻ ይመስለኝ ነበር!

በአቀባበሉ እራት ላይ ወላጅ እየተነሳ ልጁን ያስተዋውቃል። አባዬ የቤተ ክርስቲያን ኮቱን ለብሶ ተነሳና፣ «ይቺ ጉደኛ ልጄ ኦፓል ናት፤ ስታነብ እንዳትነኳት፣ ትናከሳለች!» ሲል ሰው ሁሉ በሳቅ ፍርስ አለ። ኬኩ ሲመጣ እንደገና ተነሳና፣ ቀድሞ እንዳልተናገረ ሁሉ፣ ያንኑ ከመጀመሪያው ጀምሮ ተናገረ። አሁንም ሳቁለት፤ ደግ ሰዎች ናቸው። ሸኝቼው ሲወጣ መኪናውን ከቤታችን በተቃራኒ አቅጣጫ ነዳው። ከተማውን ማየት አምሮት ይሆናል።

ለምስጋና በዓል የመርከቡ አለቆችህ ፈቃድ ከሰጡህ ና። ጌታ ከማዕበል ይጠብቅህ። እሁድ አባዬ ጋ ስትደውል ግን፣ ወንድምዬ፣ መጀመሪያ ስምህን ንገረው።

እህትህ ኦፓል