ውሃው የት እንዳለ

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፤ አምላክ ጥላ ከለላ ይሁንህ፣ ክፉ አይንካህ። እኛ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነን። እህትህ ተሽሏታል፤ የፀጉር ቤታችን ጣሪያ ግን ዛሬም ያፈሳል።

አባትህና ደንበኛው መቶ አለቃ ያንን ‘ተከላካይ ነው አጥቂ ብልጫ ያለው’ የሚል ክርክራቸውን አልተዉም። አባትህ ምሽግ ይዞ፣ መቶ አለቃው በሌላ ጦርነት እያጠቃ የተዋጉ ናቸው። "አገሩ ላይ የሚዋጋ ውሃው የት እንዳለ ያውቃል" ይላል አባትህ። "ሰዓቱን የሚመርጠው ግን አጥቂው ነው" ይላል ያኛው።

ትናንት መጥረጊያዬን አቁሜ፣ "በሰው አገር የሰው ጦርነት የሚዋጋው ልጄስ ምን ብልጫ አለው?" አልኳቸው። አባትህ ሙልጭ አድርጎ የላጨውን የደንበኛውን ጉንጭ መልሶ ላጨው። መቶ አለቃው፣ "ጥይቱ እናቱ ቤት አይደርስም" አለኝ። ያን ሁሉ ዘመን ተዋግቶ፣ እንደሚደርስ አላወቀም።

አምላክ በሰላም ለቤትህ ያብቃህ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ፣ የኔ ጌታ። ውሃው የት እንዳለ የዚያ አገር እናቶች ያውቃሉ። ሲጠማህ ጠመንጃህን ወደ ኋላህ አድርግና "እናቴ" ብለህ ጠይቃቸው።

እናትህ