ደረቁ ድንጋይ

ሐሙስ

መብራት ሳይጠፋ ዋለ፤ ተመስገን። ማሞቂያው ሦስተኛ ቀኑን ያዘ። ተማሪዎች ፈተና ጨርሰው ወደየገጠራቸው ስለሄዱ የትምህርት ቤቱ ላቦራቶሪ የእኔ ብቻ ነው። መዳብ፣ ብረትና ድኝ ያለባቸው አራት የድንጋይ ቁራጮች አሉኝ። ሦስቱ መዳብ በሟሟበት ውሃ ውስጥ ይሞቃሉ። አራተኛው ማነጻጸሪያ ነው፤ መስኮቱ ሥር፣ ደረቅ ሳህን ላይ። እሱ መለወጥ የለበትም። ከተለወጠ የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴ ገደል ገባ።

ዓርብ

አንዱን ከውሃው አውጥቼ በአጉሊ መነጽር አየሁት። ወርቅ የሚመስለው ቢጫ ከዳር ወደ ውስጥ ወይን ጠጅ ሆኗል። መጀመሪያ ቀን በመርፌ የጫርኩት መስመር ግን እንዳለ አለ። የጫርኩት ድንጋይ በሌላ ተተክቶ የለም፤ ጭረቱ አለ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ፈራሁ።

ዘበኛው ጋሽ ወልዴ በር ላይ ቆመው "ይኼ የድኝ ሽታ ደግ አይደለም፣ ልጄ" አሉኝ። ሳቅኩ።

ቅዳሜ

ደረቁ ላይ ሰማያዊ ነጥብ አለ። የጤፍ ፍሬ ብታክል ነው። እጄ? ጓንት አድርጌያለሁ። እንፋሎት? ማሞቂያው ክዳን አለው። ጉም? መስኮቱ ዝግ ነው። ቁልፍ ያለን እኔና ጋሽ ወልዴ ብቻ ነን።

ጋሽ ወልዴ ፊቴን አይተው ምን ሆንሽ አሉኝ። ያልነካሁት ድንጋይ እየተለወጠብኝ ነው አልኳቸው።

ሰኞ

ግማሹ ሰማያዊ። ሳህኑ ውስጥ ውሃ አለ። ጋሽ ወልዴን ጠየቅኳቸው፤ አልደበቁም። "ትናንት ከቅዳሴ ስመለስ የሚካኤልን ጠበል ረጨሁበት። ሌሎቹ ውሃ ውስጥ ናቸው፤ እሱ ብቻውን ደርቆ ቀረ። አሳዘነኝ።"

ተናደድኩ። ግን እፎይታዬ በለጠ፤ ጉልበታቸውን ልስም ምንም አልቀረኝ።

ማክሰኞ

ለአማካሪዬ ልጽፍ ይህን ደብተር ገለጥኩ። ጠበሉ የተረጨው እሑድ ነው። ነጥቡን ያየሁት ቅዳሜ።

ወደ ጋሽ ወልዴ ሮጬ ሄድኩ። ከእሑድ በፊት ገብተው ነበር? ስላቸው ግራ ገባቸው። "ማርያምን አልገባሁም። አንቺ ፈርተሽ ባላይ መች እረጭ ነበር?"

ሁለቱንም ጻፍኩ፤ ጠበሉንም፣ ከጠበሉ በፊት የነበረውን ነጥብም። ማነጻጸሪያ የለኝም፤ ጥናቱ ይትረፍ አይትረፍ አላውቅም። ማሞቂያውን ለማጥፋት ከጋሽ ወልዴ ጋር ተመልሼ ላቦራቶሪው በር ላይ ስደርስ መክፈት ፈርቼ በእጄ የያዝኩትን ቁልፍ ሰጠኋቸው። እሳቸው ቀድመው ገቡ።